ብራኮና ሉፖ

ሻለቃ ንዋይ ቡችላውን በሁለት እጁ ይዞ ከአጥሩ በላይ ሲዘረጋው፣ ኣስመሮም እጁን ከቱታው ኪስ አላወጣም።

«ያዘው እንጂ ኣስመሮም! ገና የወተት ጥርስ ነው ያለው፤ አይበላህም።»

ቡችላው በአየር ላይ እግሮቹን ያራግብ ነበር። አንድ ጆሮው ቆሟል፣ ሌላው ገና አልቆመም። አስመራ ላይ ሉፖ የሚሉት፣ ፖሊሶች ለጥበቃ የሚያሠለጥኑት የጀርመን ውሻ ዘር ነው።

«ከስድስቱ አራቱን ለባልደረቦቼ ሰጠሁ» አለ ሻለቃው። «ሁለት ቀሩ። አንዱ ለኔ፣ አንዱ ለጎረቤቴ ብያለሁ። በዚህ ዘመን ውሻ የሌለው ግቢ ምን ግቢ ነው? ለተገብርኤል ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ስፌቷ ላይ ተደፍታ ትውላለች። አታስብ፣ እኔው ራሴ አሠለጥንልሃለሁ። ጠዋት ጠዋት ቢሮ ከመግባቴ በፊት ግማሽ ሰዓት እመጣለሁ። በሦስት ወር ውስጥ ከዚህ በር ዝንብ አያሳልፍም!»

ለተገብርኤል፣ የኣስመሮም ሚስት፣ በመስኮቱ በኩል ይህን ስትሰማ የስፌት መኪናውን የምትረግጠው እግሯ ቆመ። ከእግሯ በታች፣ ከወለሉ ሥር፣ ወንድሟ መንግስትኣብ ከተደበቀ አምስት ሳምንት ሆኖት ነበር።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሻለቃ» አለ ኣስመሮም ቀስ ብሎ። አማርኛ ሲናገር ቃላቱን እንደ ብሎን አንድ በአንድ ነበር የሚያጠብቃቸው። «ግን ቃል ገብቻለሁ። ሲኞር ኦሬስተ፣ አሠሪዬ፣ ከብራኮው ልጆች አንዱን ላንተ ብሎኛል። አሁን እምቢ ብል ይቀየመኛል።»

«ብራኮ? ያ ጆሮው እንደ ነጠላ ጫፍ የሚንጠለጠለው?» ሻለቃው ከልቡ ሳቀ። «እኔም አዳኝ ነኝ፣ ብራኮ እወዳለሁ። ግን እሱ ለቆቅ እንጂ ለሌባ ምን ይሆናል? ሌባውን እኮ ይልሰዋል!»

«እኛ ዘንድ ምን የሚሰረቅ አለ ብለው ነው?»

«እንግዲህ ጣልያን ከቀደመኝ ምን አደርጋለሁ» አለ ሻለቃው ቡችላውን ወደ ደረቱ መልሶ። በቀልድ ነበር ያለው። ነገር ግን ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት ጥቂት ቆሞ የነኣስመሮምን ግቢ ከዳር እስከ ዳር አየው።

ኣስመሮም ሲገባ ለተገብርኤል መቀሷን እንደያዘች ቆማ ጠበቀችው።

«ለሲኞር ኦሬስተ መቼ ነው ቃል የገባኸው?»

«አሁን» አለ ኣስመሮም። «እዚያው አጥሩ ላይ።»

ሰጪውን ፊት ለፊት አልፈልግም ማለት ነውር ነው፤ ሰጪው ሻለቃ ሲሆን ደግሞ ከነውርም ያለፈ ነው። ስለዚህ አሁን ብራኮ ማግኘት ግዴታ ሆነ። በሳምንት ውስጥ ግቢው ውስጥ ብራኮ ካልታየ፣ ሻለቃው ስለ ውሻ ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር ማሰብ ይጀምራል።

ቤቱ ገጀረት ሰፈር ውስጥ የለተገብርኤል አባት ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣልያን የገዙት አሮጌ ቪላ ነው። ከሥሩ ጣልያኖቹ ወይን ያስቀምጡበት የነበረ ካንቲና አለ፤ ግማሹ ከመሬት በታች ሲሆን፣ ከግቢው መሬት ጋር እኩል የሆነች አንዲት ትንሽ የነፋስ መስኮት አለችው። መንግስትኣብ የሚኖረው እዚያ ውስጥ፣ ከባዶ የወይን በርሜል ጀርባ ነበር። አስተማሪ ነው። አብረውት መንግሥትን የሚቃወም ወረቀት የበተኑ ሁለት ጓደኞቹ በአንድ ቀን ተይዘው ወዴት እንደተወሰዱ አልታወቀም። በከረን በኩል አድርጎ ወደ ሱዳን የሚያሻግረው መሪ «መንገዱ እስኪከፈት ቆዩ» እንዳለ አምስት ሳምንት አለፈ።

ያን ቀን ምሳውን ይዘውለት ሲወርዱ ነገሩን ነገሩት። መንግስትኣብ በእጁ አፉን ይዞ ሳቀ።

«ሻለቃ ሊያሠለጥንልኝ ነበር በለኛ ዘበኛዬን!»

«አትሳቅ» አለችው ለተገብርኤል። «ሉፖው ግቢያችን ቢገባ ጠዋት ጠዋት ሰውዬው ከራስህ በላይ ቆሞ ነው የሚውለው።»

«እኔ ግን እውነቱን ልናገር» አለ ኣስመሮም እንጀራውን እየቆረሰ፣ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሉፖ እፈልግ ነበር። ካንድ ቤተሰብ ጋር ተጣብቆ የሚሞት ውሻ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓይኔን አላሽም ነበር።»

«ሉፖ የማያውቀውን ሁሉ ይጮህበታል» አለች ለተገብርኤል።

«መንግስትኣብን ሊለምደው ይችላል።»

«ከለመደው ደግሞ የካንቲናው በር ላይ ተኝቶ ሲያለቅስ ይውላል። ለዚያኛውስ ምን ትላለህ?»

«ብራኮ አይጮህም» አለ ኣስመሮም። «ሲኞር ኦሬስተ ሰኞ ሰኞ ስለ አደኑ ሲያወራ አሥራ አራት ዓመት ሰምቼዋለሁ። ዝም ማለት የሚያውቅ ውሻ ነው ይላል።»

«አብረኸው ሄደህ ታውቃለህ?» ሲል ጠየቀው መንግስትኣብ።

«እኔ? እሁድ እሱ ቆቅ ሲያባርር እኔ ሞተር ስፈታ ነው የምውለው።»

ሰኞ ለተገብርኤል ራሷ ኣስመሮም ወደሚሠራበት ጋራዥ፣ ወደ ኦፊቺናው፣ ሄደች። ሲኞር ኦሬስተ ጸጉሩ የሸበተ፣ ትግርኛውን ከጣልያንኛ እየቀላቀለ የሚናገር ሽማግሌ ነው። ከኦፊቺናው ጀርባ፣ ከአሮጌ ጎማዎች መካከል፣ አምስት ቡችላዎች እርስ በርስ ይራገጣሉ። ነጭ ሆነው ቡናማ ነጠብጣብ አለባቸው።

«ስሚ ልጄ፣ ይሄ የሳሎን ውሻ አይደለም» አላት። «በቀን ሁለት ሰዓት መሮጥ አለበት። ሜዳ አሳዩት። ሥራ ካልሰጣችሁት ሥራውን ራሱ ይፈልጋል።»

«ይጮሃል?»

«ብራኮ ሲጫወት ይንጫጫል። ሲያገኝ ግን ዝም ይላል።»

ለተገብርኤል ከዚህ ሁሉ «ዝም ይላል» የሚለውን ብቻ ይዛ፣ ወደ ቡችላዎቹ ጎንበስ አለች። አራቱ በቀሚሷ ጫፍ ላይ ተረባረቡ። አምስተኛው ፈንጠር ብሎ ቆሞ፣ ጎማው ላይ ያረፈች ዝንብ ይመለከት ነበር። አልነካትም፣ አልጮኸባትም።

«ይህን እወስዳለሁ።»

«አይ!» አለ ሲኞር ኦሬስተ በቁጭትና በኩራት። «ለራሴ ያስቀመጥኩትን መረጥሽብኝ። ዓይን አለሽ። ውሰጂው፤ ለኣስመሮም አንዱን ምረጡ ብዬዋለሁ፣ ቃል ቃል ነው። ስሙ ቬንቶ ነው፤ ነፋስ።»

ቬንቶ ነፋስ መሆኑን ወዲያው አሳየ። ሁለት ጫማ በላ፣ የወይዘሮ እማዋይሽን፣ የሻለቃውን ሚስት፣ ያልተጠናቀቀ ቀሚስ ከጠረጴዛው ጎትቶ ግቢውን አዞረው። ኣስመሮም ከሥራ ሲመለስ በብስክሌቱ ጎን እያስሮጠ ከከተማው ዳር ድረስ ይወስደዋል፤ ኣስመሮም አልቦት ሲመለስ ውሻው ገና የጀመረ ይመስላል። ነገር ግን አይጮህም። የመንገደኛው ሁሉ ወዳጅ ነው። ካንቲናው በር ላይ አይተኛም። መንግስትኣብን አንድ ሁለት ጊዜ አሽትቶ፣ ጅራቱን ቆልቶ ረሳው። ለተገብርኤል ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እያዜመች መስፋት ጀመረች።

መንገዱ ግን አልተከፈተም። ግንቦት አልፎ ሰኔ ገባ። መንግስትኣብ መቀለድ ተወ። ካንቲናው ውስጥ ቀን የሚባለው በነፋስ መስኮቷ የምትገባው አንዲት መሐረብ የምታክል ብርሃን ናት፤ እሷን እየተከተለ ከግድግዳ ግድግዳ ይሄዳል። ለተገብርኤል ያስተዋለችው አንድ መልካም ነገር ቢኖር፣ ምግብ አልበላም ይል የነበረው ልጅ ዳቦውን አንድ ፍርፋሪ ሳያስቀር መጨረስ መጀመሩ ነበር። እንዲያውም «ትንሽ ጨምሪልኝ፣ ሓብተይ፣ እህቴ» ይላት ነበር። ደስ አላት፤ ለምን ብላ ግን አልጠየቀችም።

በሰኔ ሁለተኛው እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሻለቃውና ወይዘሮ እማዋይሽ ቀሚሱን ለመለካት መጡ። ኣስመሮም ወንበሮች ወደ ግቢ አወጣ፤ ለተገብርኤል ሻሂ አቀረበች። ሻለቃው የእሁድ ልብሱን ለብሶ፣ እግሩን አነባብሮ፣ ቬንቶን ይመለከተው ነበር።

«አደገ እኮ ይሄ ላሽ! ሌባ ላሰ ወይስ ገና ነው?»

«እስካሁን እርስዎን ብቻ ነው የላሰው» አለ ኣስመሮም፣ ወይዘሮ እማዋይሽም እየሳቀች «አገኘህ!» አለችው ባሏን።

በዚህ መካከል በግቢው ሲዞር የነበረው ቬንቶ ከነፋስ መስኮቷ ፊት ሲደርስ ድንገት ቆመ። አንገቱን ወደፊት ሰገገ። ጅራቱ ቀጥ አለ። የቀኝ የፊት እግሩን ከመሬት አንስቶ አጠፈና እንደዚያው ቀረ። ከመተንፈስ በቀር ምንም አላደረገም።

«ምን ሆነ?» አለች ለተገብርኤል። እውነትም አላወቀችም።

ሻለቃው ብርጭቆውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በርቶ ነበር። «ዝም በሉ» አለ በሹክሹክታ። «ማንም እንዳይነቃነቅ። እዩት! አምስት ወር እንኳ ያልሞላው ልጅ! ማንም ሳያስተምረው! ይሄ ውሻ አገኘሁ ማለቱ ነው። እዚያ ውስጥ ወፍ አለች።»

ለተገብርኤል የሲኞር ኦሬስተ ቃል ሙሉውን ታወሳት። ሲያገኝ ዝም ይላል።

«አይጥ ይሆናል» አለ ኣስመሮም።

«ለአይጥ እንዲህ አይቆምም፤ ይቆፍራል እንጂ። ክፈተው፣ ወፏ ስትነሣ የሚያደርገውን ልይ።»

«ቁልፉ ጠፍቷል፣ ሻለቃ። ከጠፋ ዓመት ሆኖታል።»

ሻለቃው ወደ በሩ አየ። የጓጉንቸሩ መሐል ከመነካካት ብዛት ያብረቀርቅ ነበር። ለተገብርኤልም አየችው፤ ባሏም አየው።

«እኔ ዘንድ ነው ቁልፉ!» አለች ለተገብርኤል ጮክ ብላ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብላ። «ሻለቃ ካንቲናውን ማየት ከፈለጉ እከፍትልዎታለሁ! እኔው እከፍታለሁ!»

በሩ ጋ ሄዳ ቁልፉን ሁለት ጊዜ እንደሳተች ሆና አንቃጨለች። ከዚያ ከፈተች። አንዲት ግራጫ ርግብ ክንፏን እያማታች በእግሯ ሥር አልፋ ወጣች፣ ቬንቶም ተፈትቶ በደስታ እያበደ ከኋላዋ ዘለለ። ርግቧ ግን ሩቅ አልበረረችም። አንድ ክንፏ በጨርቅ ቁራጭ የታሰረ ነበር፤ የለተገብርኤል የስፌት ጨርቅ። ከአጥሩ ሥር ወደቀች።

ሻለቃው ርግቧን አነሣት። ጨርቁን በጣቱ ነካው፤ በደንብ የታሰረ ነበር። ቬንቶን «ቁጭ!» ብሎ ርግቧን ለሚስቱ ሰጠና ጎንበስ ብሎ ወደ ካንቲናው ገባ። ሦስት ደረጃ ብቻ ነው የወረደው። ለተገብርኤል ከኋላው ሆና እሱ የሚያየውን አየች። በርሜሉን፣ ሰሃኑን፣ መሬት ላይ በመስመር የተደረደረውን የዳቦ ፍርፋሪ፣ የመላጫ ምላጩን አየች። የወንድሟን ትንፋሽ የሰማች መሰላት።

ሻለቃው ወጥቶ በሩን ራሱ ዘጋው። ፊቱ ላይ የነበረው የልጅ ደስታ ጠፍቷል።

«ነገ» አለ ወደሷ ሳያይ፣ እጁን እያራገፈ፣ «ከሰዓት በኋላ የዚህ ሰፈር ካንቲናዎች ሁሉ ይፈተሻሉ። እኔ ነኝ ሰዎቹን ይዤ የምመጣው። አንቺ ግን ዛሬውኑ አጽጂው። ሴት ልጅ ቤቷ ቆሽሾ እንግዳ ቢያገኘው ደስ አይላትም።» ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። «እንሂድ እማዋይሽ። ቀሚሱ ሌላ ቀን ይለካል።»

«ምን ነካህ? ሻሂውን እንኳ አልጨረስክም።»

«እንሂድ አልኩሽ።»

ሲሄዱ ኣስመሮም ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «ሊያስመልጠው ነው ወይስ መንገድ ላይ ሊያስይዘው?»

«አላውቅም» አለች ለተገብርኤል። «ግን እዚህ ቢቆይ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ።»

መንግስትኣብ ከበርሜሉ ጀርባ ሲወጣ መጀመሪያ ያለው «ርግቧስ?» ነበር። ከዚያ ተሸማቀቀ። በመስኮቷ በኩል የገባች ቁስለኛ ርግብ ናት፣ ሦስት ሳምንት ሆኗታል፣ ዳቦውን ለሷ ነበር የሚያካፍለው። «ሓብተይ፣ የሚያነጋግረኝ አጣሁ» አላት። «ወፍ ምን ታመጣብናለች ብዬ ነው።»

የኣስመሮምን ቱታ አለበሱት፣ ፊቱን በግራሶ አቆሸሹት፣ የመሣሪያ ሣጥን አሸከሙት። በጠራራ ፀሐይ፣ እንደ ማንኛውም የኦፊቺና ሰው፣ በበሩ ወጥቶ እስከ ፌርማታው በእግሩ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ መሪው አለ ወደተባለበት ቤት ብቻውን ነው። ከመውጣቱ በፊት አንድ ነገር ተስማሙ። መሪው ከአገር ቤት እንቁላል ይዛ የምትመጣ ሴት ያውቃል። መንግስትኣብ በሰላም ከተሻገረ ያቺ ሴት በራቸውን አንኳኩታ «ሓረጉ ልካኝ ነው» ትላለች። ሓረጉ የሟች እናታቸው ስም ነው።

«ካልመጣችስ?» አለች ለተገብርኤል።

«ትመጣለች» አላት፤ ሣጥኑን ወደ ሌላኛው ትከሻው አዛውሮም ወጣ። ቬንቶ እስከ በሩ ሸኘው።

በማግሥቱ ሻለቃው በቃሉ መጣ፣ አራት ወታደሮች ይዞ። ካንቲናው በውሃ ታጥቦ፣ በርሜሉ ተገልብጦ ነበር። ወታደሮቹ ጥጋጥጉን በባትሪ አዩ። አንደኛው ወታደር ሊወጣ ሲል ቬንቶ በእግሮቹ መካከል ሾልኮ ገባና፣ በርሜሉ ከነበረበት ቦታ ፊት አንገቱን ሰግጎ፣ እግሩን አንሥቶ ቆመ።

«ይሄ ምን ማለቱ ነው ጌታዬ?» አለ ወታደሩ።

ሻለቃው ውሻውን ረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ቡችላ ነው፤ የትናንት ሽታ ያታልለዋል» አለ ሻለቃው። «ትናንት ወፍ ነበረች። ራሴ ነኝ ያስወጣኋት። ውጡ።»

ወታደሮቹ ወደሚቀጥለው ቤት ሲያልፉ እሱ በሩ ላይ ቀረ። ገመድ ከኪሱ አውጥቶ ቬንቶን አንገቱ ላይ አሰረው።

«ይህ ውሻ እናንተ ዘንድ አይሆንም» አላቸው። «እዚህ ከቆየ አንድ ቀን ሌላ ሰው ያየዋል። እኔ እወስደዋለሁ። በምትኩ ሉፖውን እልክላችኋለሁ። አሁንም ቃል የገባችሁለት ሌላ ሰው አለ?»

«የለም» አለ ኣስመሮም። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ሉፖው በዚያው ምሽት መጣ። ስሙን መብረቅ ብሎታል ሻለቃው። ሁለቱም ጆሮዎቹ ቆመዋል፤ ሻለቃው ከሱ ዘንድ ሲያሠለጥነው ቆይቷል፤ ከዚያም ወዲያ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት እየመጣ ቀጠለ። ኣስመሮም ከልጅነቱ ጀምሮ የፈለገው ውሻ ነበር፤ አንድም ቀን ግን እጁን ጭንቅላቱ ላይ አላሳረፈም። መብረቅ በአጥሩ ሥር እየተመላለሰ ሳር የማያበቅል መንገድ አወጣ። ለፖስተኛው ይጮሃል፣ ለውሃ ቆጣሪው ሰውዬ ይጮሃል፣ በመንገዱ ማዶ ለሚያልፍ ጋሪ ይጮሃል። የለተገብርኤል የስፌት ደንበኞች ልብሳቸውን በአጥሩ ላይ መወርወር ጀመሩ። ለተገብርኤል ዓርብ ዓርብ፣ የገበሬ ሴቶች ወደ ከተማ በሚገቡበት ቀን፣ ከጠዋት ጀምራ በገመድ ልታስረው ትሞክራለች፤ ገመዱን ይበላዋል። ሰንሰለት ገዛች። ሻለቃው ሰንሰለቱን አይቶ አስፈታው። «የታሰረ ውሻ ይበላሻል» አላት።

ሐምሌ ሲጋመስ፣ ዓርብ ቀን፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ለተገብርኤል የእጅጌ ጠርዝ እየሰፋች ነበር። መብረቅ ተወርውሮ በሩን በደረቱ ሲመታው ሰማች። ጩኸቱ የተለመደው አልነበረም፤ የበሩን ብረት ይነክስ ነበር። ቀና ብላ በመስኮቱ ስታይ ከበሩ ማዶ የሸማ ጫፍና የቅርጫት እጀታ አየች። አንዲት ሴት ወደ ኋላ እያፈገፈገች «ወይ ኣነ! ወይ ኣነ!» ትላለች።

ለተገብርኤል የምትሰፋውን ጥላ ወጣች። ደረጃው ላይ አንድ ጫማዋ ወለቀ። ውሻውን በአንገቱ ቆዳ ይዛ ጎትታ፣ በጉልበቷ ወደ ኋላ ገፍታ፣ በሩን ስትከፍት መንገዱ ባዶ ነበር። ከበሩ ፊት አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሦስት እንቁላል ተሰብሮ አስኳሉ ከዝናቡ ውሃ ጋር ይፈስሳል። በአንድ እግር ጫማ እስከ ማዕዘኑ ሮጠች። ከማዕዘኑ ወዲያ ሁለት ሴቶች ቅርጫት ይዘው ይሄዱ ነበር። ጠራቻቸው፤ ዞሩ። አንዷ ሽንኩርት ነበር የያዘችው፣ ሌላዋ ምንም። እንቁላል የያዘች ሴት አይታችኋል ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። አላየንም አሏት።

ስትመለስ ሻለቃው ሸሚዙን ሳይቆልፍ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ነበር። ቬንቶ ከጎኑ ቆሞ በሰገነቱ ብረት መካከል አፍንጫውን አውጥቷል።

«ምንድን ነው? ሌባ ነበር?»

ለተገብርኤል ቀና ብላ አየችው። ሊሰማት ይፈልግ እንደሆነ ወይም ላለመስማት ይፈልግ እንደሆነ ከፊቱ መለየት አልቻለችም።

«አይደለም ሻለቃ» አለች። «እንቁላል ሻጭ ናት።»

«ሄደች?»

«ሄደች።»

«ከፈለገች ትመለሳለች» አለ ሻለቃው፣ ወደ ቤቱም ገባ።

መብረቅ ጅራቱን እየቆላ በሩ ላይ ይጠብቃት ነበር። አልፋው ገባች። ባልዲ ውሃ ይዛ ተመልሳ ድንጋዩን ልታጥብ ጎንበስ አለች፤ ሴትየዋ ብትመለስ ቤቱን በምን ታውቀዋለች ብላ አሰበችና ባልዲውን እንዳለ አስቀመጠችው። ከበሩ ወጥታ ከተሰበሩት እንቁላሎች አጠገብ፣ እርጥቡ የመንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ኣስመሮም ከሥራ እስኪመለስ ድረስ እዚያው ነበረች፤ ውሻውም ከኋላዋ፣ በብረቱ ማዶ፣ ለሚያልፈው ሁሉ ይጮህ ነበር።